ሩብ ዙር

ሩዙ ላይ የተከተፈ ካሮት በተነች፤ ለሁለት የተከፈለ እንቁላል ከጎኑ አስቀመጠችና የትንሹን የምግብ ፔርሙዝ ክዳን አዞረች። ጥብቅ ሲል ሩብ ዙር ጨመረችበት። እጇ የለመደው እንደዚያ ነው። በመድኃኒት ፋብሪካው የሳል ሽሮፕ ክዳኖች መጥበቃቸውን የምትፈትሸው እሷ ናት፤ ልጆች በቀላሉ እንዳይከፍቷቸው። በቀን ሁለት ሺህ ያህል ጠርሙስ በእጇ ያልፋል። የሥራ ባልደረቦቿ «ፒንሳ» ይሏታል። «ፒንሳ የዘጋችውን ራሷ ፒንሳ ትክፈተው» እያሉ ይስቁባታል።

የግድግዳው ሰዓት አሥራ ሁለት ተኩል ይላል። የፋብሪካው ሰርቪስ ለአንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ታች መንገዱ ላይ ይቆማል። ብዙ አይጠብቅም።

የፍሪጁ በር ላይ የመምህርቷ ወረቀት ተለጥፏል። «ልጅዎ ምሳዋን አትበላም። ከሰዓት በኋላ ዴስክ ላይ ትተኛለች። እባክዎ የምትወደውን ምግብ ይቋጥሩላት።» ሰኞ ፓስታ፣ ማክሰኞ ድንች፣ ረቡዕ ምስር ቋጠረችላት። ሁሉም እንደሄደ ተመለሰ። የልጅቷን የዩኒፎርም ቀሚስ ወገቡ ላይ ሁለት ጊዜ አጥብባዋለች።

«ዛሬ ደግሞ ካሮት?» አለ ባሏ የጫማውን ክር እያሰረ። «ጥንቸል ነው እንዴ የምናሳድገው?»

«አንተ ቋጥርላት እሺ!»

«ቸኮሌት ብትጨምሪበት ትበላ ነበር።»

«ጥርሷን ማን ሊያሳክም? ዞር በል ከመንገዴ።»

ልጅቷ ቦርሳዋን እየጎተተች ከመኝታ ክፍሉ ወጣች። ስድስት ዓመቷ ነው። የሹራቧ ጫፍ ተለጥጦ ክሩ ተንጠልጥሏል።

«ደግሞ ሹራብሽን! ምሳሽን ትተሽ እሱን ነው እንዴ የምትበዪው?»

እናትየዋ ሰዓቱን አየች፤ ወዲያው ወንበር ስባ አስቀመጠቻትና ፔርሙዙን ፊቷ አኖረችላት።

«በይ፣ ዛሬ ሁለት ማንኪያ እዚሁ ፊቴ ትቀምሻለሽ። ካልጣመሽ ንገሪኝ፣ የኔ እናት። አልቆጣም።»

ልጅቷ አባቷን አየች፤ ከዚያ በሩን። ፔርሙዙን ጉልበቶቿ መሀል አጣብቃ የሹራቧን ጫፍ ክዳኑ ላይ ጠቀለለች። ከንፈሯን ነክሳ በሁለት እጇ ጠመዘዘች። ክዳኑ ንቅንቅ አላለም። ሹራቡን በሌላ በኩል አዙራ ደገመችው፤ ብዙ ቀን እንደሠራበት ሰው። ከዚያ ፔርሙዙን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ መለሰች።

«አልራበኝም» አለች።

ከታች የሰርቪሱ ጡሩምባ ጮኸ። እናትየዋ ካለችበት አልተነቃነቀችም።

«መምህርሽን ለምን አታስከፍቻትም?»

«አንድ ቀን ከፍታልኛለች።»

«እና?»

«ልጆቹ ‹ጡጦሽንም ትያዝልሽ› አሉኝ።»

አባትየው ሊስቅ ብሎ የሚስቱን ፊት ሲያይ ተወው። ፔርሙዙን አንስቶ ሞከረ፤ የአንገቱ ሥር ተገተረ።

«ኧረ ፒንሳ!» አለ። «እኔስ መች ከፈትኩት?»

እናትየዋ ተቀብላው በአንድ እጅ ከፈተችው። እንፋሎቱ ወጣ። ማንኪያ ስታቀብላት ልጅቷ አንገቷን ደፍታ አምስት ስድስቴ አከታትላ ጎረሰች፤ ካሮቱን እያስቀደመች። ጡሩምባው ደገመ።

«አሁን ራስሽ ዝጊው» አለች እናትየዋ።

ልጅቷ ዘጋችው። ከፈተችው። እናቷን ቀና ብላ አየችና መልሳ ዘጋችው።

መንገዱ ላይ የሰርቪሱ ሞተር ራቀ።

«ሄደብሽ» አለ ባሏ።

«ይሂድ።»

ክዳኑ በደንብ አልጠበቀም፤ ሳትነካውም ታውቃለች። ፋብሪካ ቢሆን ቀዩ ሳጥን ውስጥ የምትጥለው ነው። ጣቶቿ ወደ ክዳኑ ሄደው ያዙት። ትንሽ ቆዩበት፤ ከዚያ ለቀቁት። ከመስቀያው ላይ ፎጣ አወረደች፤ ፔርሙዙን ጠቅልላ ቦርሳው ውስጥ ቀጥ አድርጋ አቆመችው፤ ዚፑን ዘግታ በሩ አጠገብ አስቀመጠችው።