ተቀይሯል

ባሌና እኔ ከተኳረፍን አሥራ አንድ ቀን ሆኖን ነበር። እንደ ሌላው ሰው ጮኸን፣ ተሰዳድበን፣ ሳህን ሰብረን ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ይበርድልን ነበር። የእኛ ግን ኩርፊያ ነው፤ ኩርፊያ ደግሞ መጀመሪያ አፉን የከፈተ የሚሸነፍበት ጨዋታ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። በእኛ ቤት ሁለት ሞኞች ስለነበሩ ወረቀት አላስፈለገም።

ነገሩ የተነሳው ባሌ በመፈረሙ ነው። ሾፌር ነው፤ የመንገድ ቀያሾችን ዕቃ ጭኖ ተራራ ለተራራ የሚዞር። አንድ ምሽት እራት ላይ፣ ጨው አቀብይኝ እንደሚል ሰው፣ ለአንድ ዓመት ሩቅ ያለው የሥራ ቦታ ልዘዋወር ፈርሜያለሁ አለኝ። ፈርሜያለሁ! ልፈርም ወይ አላለም፣ ምን ይመስልሻል አላለም። ደም ሥሬ ተገታተረ። እንግዲህ ከፈረምክ በሰላም ግባ ብዬው አፌን ዘጋሁ። እሱም ዘጋ። እኔ ሁለት ቀን የሚቆይ መስሎኝ ነበር።

አማቴ አብራን ነው የምትኖረው፤ እማማ እላታለሁ። በኩርፊያው ከሁላችንም የደከመችው እሷ ነች፤ እንደ ፖስታ ቤት ሆና። ሦስታችን አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠን፣ እኔ «እማማ፣ መብራቱ ይጥፋ ወይ ይበሉልኝ» እላለሁ፤ እሷ ወደ ልጇ ዞራ «መብራቱ ይጥፋ ወይ ትልሃለች» ትላለች፤ እሱ «ይጥፋ በያት» ይላል፤ እሷ ወደ እኔ ዞራ «ይጥፋ ይላል» ትላለች። አንድ ቀን መሀል ላይ እንቅልፍ ወስዷት መብራቱ ሲበራ አደረ።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት ጋራዤን ስከፍት የእሱ መኪና በሩ ላይ ቆሟል፤ ቁልፉ መስኮቱ ላይ። የራሴ ጋራዥ ነው፤ ከቤታችን ሁለት መንገድ ተሻግሮ። ሴት መካኒክ ብለው የሚገረሙ ሰዎች አሉ። ይገረሙ፤ መኪና አይገረምም። መልእክቱ በእማማ በኩል ደረሰኝ፦ የፊት ላስቲኮቹ ተቀደዋል፣ ነገ ንጋት ላይ ወደ ሥራ ቦታው ስለምሄድ ዛሬ ይለቅልኝ።

ላስቲክ የሚለው የአክስሉን ነው። ለፊት ጎማዎች ኃይል የሚያደርሰው አክስል ጫፉ ላይ ሲቪ የሚሉት መጋጠሚያ አለው። መሪ ሲዞር አብሮ የሚተጣጠፈው እሱ ነው፤ የሰው ቁርጭምጭሚት በሉት። በላዩ ላይ የተሸበሸበ ላስቲክ ይለብሳል፣ ውስጡ ግራሶ ይሞላል። ላስቲኩ ሲቀደድ ግራሶው ይረጫል፣ አሸዋ ይገባል፤ አሸዋ ከገባ በኋላ ብረት ብረትን ይበላል። ላስቲክ ትንሽ ነገር ነው። የትንሽ ነገር ቅዳድ ደግሞ ቶሎ አይታይም።

መኪናውን በክሪክ አነሳሁት፣ ከሥሩ ድጋፍ አስገባሁ፣ ጎማዎቹን ፈታሁ። የጎማው ውስጠኛ ጎን በግራሶ ተለቅልቋል። እስቲ ምን ነበር ሲቀደድ ዕለቱን ቢነግረኝ? ለካ ተኳርፈናል። መሀሉ ላይ ያለውን ትልቁን ዳዶ፣ የመፍቻውን እጀታ በቱቦ አስረዝሜ፣ በሙሉ ክብደቴ ተንጠልጥዬ ፈታሁት፤ ያን ጊዜ በጉልበት መሥራት ደስ ይለኝ ነበር። አክስሎቹን አወጣሁ፣ የተቀደዱትን ላስቲኮች በካራ ቀድጄ ጣልኩ፣ ሲቪዎቹን በናፍጣ አጠብኩ።

የግራው ደህና ነው። የቀኙን ስፈታው ግን ሌላ ነው። በውስጡ ያሉት የብረት ኳሶች የሚንሸራተቱበት ቦይ በአንድ በኩል ተበልቷል፤ ጥፍሬን ሳስኬድበት ይይዘኛል። መሪው ሲጠመዘዝ ቋ ቋ የሚለው ይሄ ነው። መለወጥ አለበት። ድምቡሼ ለምንለው ዕቃ ሻጭ ደወልኩ፤ አሁን የለም፣ ካፈላለግኩ ግን በአንድ ሁለት ቀን አገኝልሻለሁ አለኝ። ባሌ ደግሞ ነገ ንጋት ላይ ይሄዳል።

አንድ ዘዴ አለ። ያስተማሩኝ ሽማግሌ መካኒክ ያሳዩኝ ነው። መኪና ወደ ፊት ሲሄድ ኳሶቹ የሚገፉት የቦዩን አንድ ጎን ብቻ ነው። የቀኙን አክስል ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ ብታዛውሪው፣ ኳሶቹ ያልተበላውን ጎን መግፋት ይጀምራሉ። ቋ ቋታው ወዲያው ዝም ይላል። ግን ዝም አለ እንጂ አልዳነም። ሜዳ ለሜዳ ያደርሳል፤ መሪ ጠምዝዞ፣ ፎር ዊል አስገብቶ፣ ማለትም የፊት ጎማዎችንም አስጎትቶ፣ ዳገት መውጣት ግን አይቻልም። ሽማግሌው ሁልጊዜ የሚሉኝ፣ ይሄን ስትሠሪ ለሾፌሩ ሳትነግሪ ቁልፉን እንዳትሰጪ ነበር።

አዛወርኳቸው። አዲስ ግራሶ ሞላሁ፣ አዲሶቹን ላስቲኮች አለበስኩ፣ ማሰሪያዎቹን ጠበቅ አደረግኩ። መኪናውን ሰፈሩን አዞርኩት፤ ትንፍሽ አላለም። በሥራዬ ኮራሁ፣ ምን እዋሻለሁ።

ያን ምሽት ሦስታችን ሶፋው ላይ ነን። እሱ ቦርሳውን እግሩ ሥር አድርጎ ካልሲ ይጠቀልላል። ወደ እማማ ዞሬ አልኩ፦

«እማማ፣ የላስቲኮቹ ሥራ አልቋል፤ ሲቪውም ተቀይሯል ይበሉልኝ።»

«ሲቪውም ተቀይሯል ትልሃለች።»

«እሺ በያት።»

እዚህ ላይ መቀጠል ነበረብኝ። ፎር ዊል አታስገባ፣ የሥራ ቦታው ዳገት ሥር ስትደርስ ዕቃውን ለሌላ መኪና አስረክበህ ተመለስ ማለት ነበረብኝ። ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። ነገር ግን ይሄን ሁሉ በእማማ በኩል ማስረዳት አይቻልም፤ ቦዩን፣ ኳሱን፣ ጎኑን እያልኩ። ቀጥታ ላስረዳው ደግሞ ማስረዳት መናገር ነው፣ መናገር መሸነፍ ነው። እሱስ ስንት ዓመት መኪና የነዳ አይደል፣ ተቀይሯል ስል ጎኑን መሆኑ ይገባዋል፤ ካልገባው ይጠይቅ፣ አፍ የለውም እንዴ ብዬ ተነስቼ ተኛሁ። ንጋት ላይ በሩ ሲዘጋ ሰማሁ፤ የተኛሁ መሰልኩ።

በማግስቱ ከጠዋት ጀምሮ አላስቀምጥ አላስቆም አለኝ። አንድ የጭነት መኪና ፍሬን ጀምሬ ተውኩት። መፍቻ አነሳለሁ፣ ለምን እንዳነሳሁት ይጠፋኛል። ጋራዡን ጠረግኩ፤ የተጠረገውን ደግሜ ጠረግኩ። ምን ሆንሽ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር ምንም አልሆንኩም ብዬ እጮህበት ነበር።

አምስት ሰዓት ላይ ድምቡሼ ደወለ። ተቀይሟል። ምነው ከሌላ ሰው ገዝተሽ አለፍሽኝ፣ እኔ ለአንቺ ብዬ ሦስት ሱቅ ዞሬ ሲቪውን ካገኘሁ በኋላ አለኝ። ምን ማለትህ ነው አልኩት። ባልሽን ንጋት ላይ ነዳጅ ስቀዳ አግኝቼው፣ ሲቪው ማታ ተገኝቷል ስለው፣ ተወው፣ አዲስ ተቀይሮልኛል አለኝ አለ።

አዲስ። ተቀይሮልኛል።

አንድ ጎማ ላይ ቁጭ አልኩ። አንዲት ቃል። እኔ ጎኑ ተቀይሯል ብያለሁ፤ እሱ አሮጌው በአዲስ ተቀይሯል ብሎ ሰምቷል። ምን ያድርግ፤ መኪናው ዝም ብሎለታል፣ ዝም ያለ ሲቪ አዲስ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የእኔ ደግሞ ወለምታ እንኳን አይደለም፣ ትዕቢት ነው። ዳገቱ ከዚህ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው፤ ንጋት ላይ የወጣ ሰው ደርሶበታል። መጋዘን ዕቃ ሲጭን ዘግይቶ ከሆነ ግን ገና ሥሩ ነው።

ደወልኩ። ይጠራል፣ አያነሳም። ደገምኩ። ሰለስኩ። ስሜን አይቶ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለቱ ነው ብዬ በእጄ ያለውን ፒንሳ ግድግዳው ላይ ወረወርኩት። ድምቡሼን በአንተ ስልክ ሞክርልኝ አልኩት። መልሶ ደውሎ፣ ይጠራል፣ አይመልስም አለኝ። ያኔ ነው የእውነት የፈራሁት። እኔንስ አኩርፎኝ ነው፤ ድምቡሼን ምን ብሎ ያኮርፋል?

በሩን ሳልዘጋ ወደ ቤት ሮጥኩ። ቱታዬን እንደለበስኩ፣ እጄ በግራሶ ተጨማልቆ። እማማ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጸጉሯን ታበጥራለች። ቁና ቁና እየተነፈስኩ ነገርኳት፤ ለልጅዎ ይደውሉለት፣ የእርስዎን ያነሳል፣ ፎር ዊል እንዳታስገባ ትልሃለች ይበሉት አልኳት።

ማበጠሪያዋን አስቀመጠች። ስልኳን ከትራሷ ሥር አውጥታ ደወለችና ወደ እኔ ዘረጋችው።

«አሥራ አንድ ቀን ተላላኪ ሆንኩላችሁ» አለች። «ይሄንን ግን አላደርስም። የምትፈሪለት ባልሽ ነው፤ አንቺው ንገሪው።»

ተቀበልኳት። በሁለተኛው ጥሪ ተነሳ። እማዬ አለ። ድምፁን ስሰማ፣ በሕይወት አለ ማለት ነው አልኩ በልቤ።

«እኔ ነኝ» አልኩት። «ሲቪው አዲስ አይደለም። ጎኑን ነው የቀየርኩት፤ ተቀይሯል ያልኩህ እሱን ነው። ፎር ዊል እንዳታስገባ።»

 በስልኩ ውስጥ ነፋስ ይሰማኛል።

«ተሰብሯል» አለኝ።

ከዚያ ቀስ እያለ፣ ሪፖርት እንደሚያቀርብ ሰው ነገረኝ። የመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ፣ መሪው ጥግ ድረስ ዞሮ ሳለ፣ ከሥር እንደ ጥይት ጮኸ። መኪናው ከነጭነቱ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። በአንድ በኩል ገደል ነው፣ በአንድ በኩል የተቆረጠ አፈር፤ አፈሩ ነው የያዘው። ክርኑ ተላጠ እንጂ ደህና ነው። ከጎማዎቹ ኋላ ድንጋይ አድርጎ፣ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ሁለት ሰዓት አልፎታል።

ሁለት ሰዓት። ጮኽኩበት። በዓለም ላይ ያንን መኪና እንደ እኔ የሚያውቅ መካኒክ እያለህ፣ ሚስትህ ሆና እያለች፣ ስልክህ እጅህ ላይ እየጮኸ፣ ለኩርፊያ ብለህ ሁለት ሰዓት ገደል አፋፍ ላይ ትቀመጣለህ ወይ አልኩት። ሌላም ብዙ አልኩ። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ለኩርፊያ አይደለም» አለ። «ስምሽን ሳይ ላነሳው እልና እፈራለሁ፤ ድምቡሼም በአንቺ ፈንታ የሚደውል መስሎኝ ተውኩት። የምጠይቅሽ ነገር ስለነበረኝ ነው።»

«ምን?»

«ሆን ብለሽ ነው?»

እኔ ስድብ የማያልቅብኝ ሰው ነኝ። ጋራዥ ውስጥ ከሾፌር ጋር ስመላለስ ያደግኩ ነኝ፤ አባት እናቱን፣ አያቱን፣ መኪናውን ጨምሬ እሰድባለሁ። አንድም አልመጣልኝም። የጠየቀኝ ተናዶ አልነበረም። እዚያ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ ታደርገዋለች ወይስ አታደርገውም ብሎ ሲያስብ ቆይቶ መልሱ ጠፍቶበት ነው። አሥራ ስድስት ዓመት አብሮኝ ኖሮ። እማማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እሷም ሰምታለች።

«አይደለም» አልኩት።  «ትናንት ማታ ልነግርህ ነበር። እስክትጠይቀኝ ጠበቅኩ። ሌላ ምንም የለበትም፤ አይደለም።»

 እንባዬ በግራሶው እጄ ላይ ይወርዳል፣ በዚያው እጄ ፊቴን እጠርጋለሁ። ቢዘጋውም አልፈርድበትም ነበር።

«እንግዲያው ነይ» አለኝ። «አዲሱን ሲቪ ይዘሽ ነይ። መንገዱ መጥፎ ነው፤ ቀስ ብለሽ ንጂ።»