የጋሽ ሲሶ የቴኒስ ሜዳ

«ሳብ አድርገው ጋሼ፣ ሜትሩ ረግቧል» አለች ግምት ሠሪዋ።

ሽበታሙ ፎርማን የሜትሩን ጫፍ ይዞ እስከ አጥሩ አፈገፈገ። ርዝመት ሠላሳ ስድስት፣ ወርድ አሥራ ስምንት። ትናንት ጽጌረዳ የነበረበት ጥቁር አፈር ዛሬ ተገልብጦ ተኝቷል። በረንዳው ላይ የቤቱ ጌታ፣ ኮንትራክተሩ፣ አዲስ ራኬት ጨብጦ አየር ይደበድባል። ጨዋታውን አያውቀውም። ነገር ግን የሴት ልጁ አማት፣ ጡረተኛው ዳኛ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቴኒስ እንደሚጫወቱ የሰማ ዕለት ሜዳ ካልሠራሁ ሞቼ እገኛለሁ አለ። የምረቃው መጥሪያ ካርድ የታተመው ከግምቱ በፊት ነው።

ሠራተኞቹ ከኋላው «ጋሽ ሲሶ» ይሉታል። የቀረበለትን ግምት ሁሉ ሳያነብ ሲሶውን ይቆርጣልና። ግምት ሠሪዎችም አመሉን ስለሚያውቁ ከሚያስፈልገው በላይ ግማሽ ጨምረው ይጽፉለታል። እሱ ይቆርጣል፣ ልኩ ይቀራል፣ የተሠራው ጸንቶ ይቆማል፤ ሁሉም ሌላውን ሞኝ አድርጎ በሰላም ውሎ ይገባል።

ይህ ሰላም የፈረሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የዛሬ አምስት ዓመት፣ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣች አንዲት ልጅ ወጉን የሚነግራት አጥታ ለአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ልኩን ጻፈች። ሲሶው ተቆረጠ። ግቢው በመጀመሪያው ዝናብ ሰመጠ። ጋሽ ሲሶም ወላጆች ፊት ቆሞ ጣቱን ቀሰረባት፤ «ቁጥሩ የእሷ ነው!» ያኔም ፎርማኑ እዚያው ነበር፤ የጫማውን ክር ያይ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ በየመሥሪያ ቤቱ «ያቺ ግቢ ያሰመጠችው» እየተባለች፣ ሌላው በናቀው ሥራ በርካሽ ትኖራለች። ጋሽ ሲሶ የጠራትም ርካሽ ስለሆነች ነው።

«ልጄ» አላት ከበረንዳው ወርዶ፣ «ያን ነገር እኮ እኔ ድሮ ረስቼዋለሁ። በልብሽ አትያዥው።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ወግቶ፣ ረስቶ፣ ይቅር ባይም ሆኖ የመጣ ግን ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች፤ የተደረደረ ብሎኬት ላይ ተቀምጣም ማስላት ጀመረች።

ከሥር አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ ያስፈልጋል። ገረጋንቲ ደግሞ በመኪና ሲመጣ እንደ ሀብታም እንግዳ ተንፈራጦ ነው፤ ልኩን የሚያውቀው ሮለር ሲሄድበት ነው። ስለዚህ ሠላሳ በመቶ ይጨመርበታል፤ መቶ ሃያ ስድስት ሜትር ኩብ። እጇ በልማድ «መቶ ሰማንያ ዘጠኝ» ልትል ተንደረደረች። ያዘቻት። መቶ ሃያ ስድስት ብላ ጻፈች። ጥርት ያለ እውነት። በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ክፉ ነገር ጽፋ አታውቅም።

ጋሽ ሲሶ ወረቀቱን ተቀበላትና ቀይ እስክሪብቶውን መዘዘ።

«አለቃ፣ እዚህ ውስጥ አንድ አካፋ ትርፍ የለም» አለች፣ ቃል በቃል እየቆጠረች። «አፈሩ ጥቁር ነው። ዝናብ ሲነካው ያብጣል፣ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል። ከዚህ ከቀነሱ ሜዳው ይሰምጣል።»

ሳቀ። «ሁላችሁም ይህቺኑ ዳዊት ነው የምትደግሙት! ሆዳሞች!»

እውነቱን ነው፤ ሁሉም ብለውታል፣ ሁሉም እየዋሹ። እንደማያምናት ባታውቅ ኖሮ አትነግረውም ነበር። ቀዩ እስክሪብቶ ቁጥሯን ሰርዞ «ሰማንያ አራት» ሲጽፍ፣ አምስት ዓመት የቆየ ጥም ጉሮሮዋ ውስጥ ሲረካ ተሰማት።

«ሰኞ ትጀምራለህ» አለ ወደ ፎርማኑ ዞሮ። «ዳኛው ፊት አንዲት ስንጥቅ ባይ፣ ካንተ ራስ አልወርድም።»

ጣቱ ዛሬም የሚቀሰረው ሌላ ሰው ላይ ነው፤ ጥሙ መልሶ ያዛት።

ፎርማኑ ሜትሯን ተሸክሞ እስከ በሩ ሸኛት። «ልጄ፣ ለእኔ እንኳ ንገሪኝ፤ ስንት ጨምረሽበታል?»

«ምንም።»

«ተይ እንጂ።»

«ምንም አልኩህ ጋሼ።»

ቆመ። ሰማንያ አራቷን በልቡ ጠቀጠቃት መሰል፣ ፊቱ አመድ መሰለ። «ተመለሺና ተሳስቻለሁ በይው። መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ብለሽ ጻፊለት።»

«አላደርገውም።»

«እኔስ?»

«አንተስ ያኔ? አንድ ቃል እኮ ነበር የሚበቃኝ።»

«አምስት ልጅ ነበረኝ።»

«አሁንስ?»

«ስድስት» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ሳትወድ ሳቋ አመለጣት፤ በሳቋም ተናደደች። የእሱንም ቂም አምስት ዓመት ሙሉ በእኩል ቀለብ አሳድጋዋለች። እስኪሰምጥ ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም፤ ዝምታን ያስተማራትም እሱ ነው። ግን የተቀሰረባት ጣት የእሱ አልነበረም።

«የዓመት ፈቃድ አለህ?»

«የሦስት ዓመት። ወስጄ አላውቅም።»

ከደብተሯ አንድ ገጽ ቀደደችና የበሩን ግንብ ተደግፋ ማመልከቻውን ራሷ ጻፈችለት። ከሰኞ ጀምሮ፣ ለቤተሰብ ጉዳይ፣ ስልሳ ቀን።

«ስልሳ? አርባውንስ መች ይፈቅድና!»

«ሲሶውን ቆርጦ አርባውን ይሰጥሃል። እስከዚያ ሜዳው ተመርቆ፣ ዝናብ ጠጥቶ ያልቃል።»

ፎርማኑ እስክሪብቶውን ተቀበለ፤ ግን አልፈረመም። «በእኔ ቦታ ማንን እንደሚያቆም ታውቂያለሽ? የገዛ ልጁን። ከውጭ አገር ተምሮ የመጣውን። ምንም የማያውቅ፣ ጨዋ ልጅ ነው። ሰው ሲያገኝ አጎንብሶ ነው ሰላም የሚለው።»

ግምት ሠሪዋ ወደ ግቢው ዞር አለች። ጋሽ ሲሶ በጥቁሩ አፈር መካከል ቆሞ የሌለ ኳስ ይመታል፤ ላልመጣ እንግዳም አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ይለማመዳል። ያ ጣት በመጨረሻ ወደ ማን እንደሚቀሰር አሰበች። ልጁን አይታው አታውቅም፤ ምንም አላደረጋት።

እሷስ ያኔ ማንን ምን አድርጋ ነበር?

«ፈርም ጋሼ» አለችው።