በስልክ የተወለዱ ዜማዎች

አትራክታ ዴቫኒ በአየርላንድ፣ በምዕራብ ክሌር የጭፈራ አዳራሾች ውስጥ፣ ከሦስት ወንዶች ጀርባ ተቀምጣ አኮርዲዮን ስትጫወት አርባ ዓመት ያህል ኖራለች። ጨፋሪው ሁሉ እግሩን የሚያነሳው በእሷ ጣቶች ነበር፤ ስሟን የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው። የባንዱ መሪ ቫዮሊን ተጫዋቹ ማላኪ ጎርማን አንድ ቀን ስልክ ደውሎ "በቃ፣ ደክሞኛል" ብሎ ባንዱን ከበተነ ወዲህ፣ እሁድ እሁድ አኮርዲዮኗን ይዛ መጠጥ ቤት ጎራ ትላለች። ከመጣው ሰው ጋር ተጫውታ፣ ሻይዋን ጠጥታ ትመለሳለች። ይህ ይበቃኛል ባይ ናት።

ያልበቃት የእህቷ ልጅ ሶርካ ናት። ሶርካ ኤኒስ ከተማ ፀጉር ቤት አላት፤ ሰው ወንበሯ ላይ አስቀምጣ ፀጉሩን እያስተካከለች የማታስጨርሰው ጉዳይ የለም። አንድ ቀን ከሰዓት አክስቷ ወጥ ቤት ገብታ ስልኳን አቀበለቻት።

"ይህች ሽርጥ ያሰረች አሮጊት ማን ናት?" አለች አትራክታ።

"አንቺ ነሽ። ባለፈው ስትጫወቺ የቀረጽኩሽ ነው።"

"ከሥሯ የተጻፈው ገንዘብስ?"

"መዋጮ ነው፣ አክስቴ። የራስሽን አልበም ልታወጪ ነው። ብቻሽን።"

አትራክታ የምትቆርሰውን ዳቦ አስቀመጠች። "በስተርጅና ለልመና አወጣሽኝ በይኛ።"

"የምን ልመና? አስቀድመው ይከፍላሉ፤ አልበሙ ሲወጣ ይላክላቸዋል። ሽያጭ ነው።"

"አውርጂው።"

"አሁንማ እንዴት ብዬ? ሥጋ ሻጩ አዋጥቷል፣ ሐኪሙ አዋጥተዋል፣ አባ ኮሎም ሳይቀሩ አዋጥተዋል።"

"ቄሱም?" ፊቷ ቲማቲም መሰለ። "እሁድ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?"

ሶርካ ጉሮሮዋን ጠረገች። "አንድ ነገር ደግሞ አለ። ጠንከር ያለ ገንዘብ ለሰጠ ሰው በስሙ ዜማ ትሠሪለታለሽ ብዬ ጽፌአለሁ። እስካሁን ዘጠኝ ሰው ተመዝግቧል።"

አትራክታ ያን ቀን ሻይ እንኳ ሳትቀዳላት ሸኘቻት። ለጥቂት ቀናትም ስልኳን አላነሳችም። ነገር ግን ቃል ተገብቷል፤ የገባው ሌላ ሰው ቢሆንም ስሙ የእሷ ነው። አኮርዲዮኗን ጭኗ ላይ አድርጋ ብትሞክር ደግሞ ምንም አልመጣላትም። የማታውቀው ሰው ምን ዓይነት ዜማ እንደሚመስል ከየት ታምጣው? በመጨረሻ ራሷ ለሶርካ ደወለች።

"የሰዎቹን ስልክ ስጪኝ።"

"ለምን?"

"ልተዋወቃቸዋ።"

መጀመሪያ የደወለችው ከባሕሩ ማዶ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ብሪታኒ ለሚኖር ዳቦ ጋጋሪ ነበር። የሰውየው እንግሊዝኛ ከእሷ ፈረንሳይኛ ብዙም አይሻልም። "እርስዎ ምን ዓይነት ሰው ነዎት?" ብትለው አልገባውም። እንደ ምንም "ሥራዎን ያሰሙኝ" ስትለው ግን ገባው፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ ሊጡን ማሸት ጀመረ። ድብ፣ ድብ፣ ሸርተት። አትራክታ በነፃ እጇ ጉልበቷን እየመታች አዳመጠችው፤ ዜማው እዚያው ተጀመረ።

ቀጥሎ በጎልዌይ አካባቢ የምትኖር አንዲት ባሏ የሞተባት ገበሬ አገኘች። ሴትየዋ ዜማው ለእሷ ሳይሆን ለአህያዋ እንዲሆን ነው የፈለገችው።

"አህያዋ ጠባይዋ እንዴት ነው?" አለቻት አትራክታ፣ ሳቋን ውጣ።

"ግትር ናት፣ እመቤቴ። ሲሄዱ ትቆማለች። ወደ ቤት ሲሆን ግን የሚደርስባት የለም።"

የአህያዋ ዜማ መጀመሪያው እየተጎተተ እየቆመ፣ መጨረሻው ሽምጥ የሚጋልብ ሆነ። አትራክታ በስልክ ስትጫወትላት ሴትየዋ በሳቅ ብዛት መናገር አቅቷት ዘጋች። ከዚያ መልሳ ደውላ "እንደገና" አለች።

ወሬው ወጣ። ዳቦ ጋጋሪው ለደንበኞቹ፣ ገበሬዋ ለጎረቤቶቿ ነገሩ፤ ግማሽ ላይ ቆሞ የነበረው መዋጮም መንቀሳቀስ ጀመረ። ሶርካ በየቀኑ እየደወለች ስንት እንደደረሰ ትነግራታለች። አትራክታ "እኔን ምን አገባኝ" ትላለች እንጂ፣ ሶርካ የዘገየች ቀን ራሷ ትደውላለች።

ከተመዝጋቢዎቹ ስሙን ያልገለጸ አንድ ሰው ቀረ። ደወለች። ከወዲያ ማዶ መጀመሪያ የተሰማው ሳል ነበር፤ ያንን ሳል በየአዳራሹ ስትሰማው ኖራለች።

"ማላኪ?"

ሰውየው እንደገና ሳለ።

"ስምህን ብትጽፍ ምን ነበረበት?"

"ብታውቂ ገንዘቡን ትመልሺው ነበር።"

"አዎ፣ እመልሰው ነበር።"

"ለዚያ ነዋ።"

አትራክታ ወንበር ሳበች። "ደክሞኛል ብለህ በተንከን። ከዚያ ወዲህ አለሽ ወይ ብለህ አታውቅም።"

"አልደከመኝም ነበር" አለ ማላኪ። "እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ አትራክታ። የቫዮሊኔ ቀስት ክሩ ላይ አልቆም አለኝ። ይህን ለእናንተ ከመናገር ባንዱን መበተን ቀለለኝ።"

ሲሰለቸው ጣለን ብላ ስታዝን የኖረችባቸው ዓመታት ባንድ ጊዜ መጡባት። ልትቆጣው ፈለገች፤ አልሆነላትም።

"ደደብ ነህ እኮ።"

"ነኝ። ገንዘብ የከፈልኩት ልከራከርሽ አይደለም።"

ሳቀች፤ እሱም እያሳለ ሳቀ። "በል፣ ምን ዓይነት ዜማ ይሁንልህ?"

"ፈጣን እንዳይሆን። ጉልበቴም እንደ እጄ ነው። ረጋ ያለ የዋልስ ጭፈራ ይሁንልኝ፤ ከቆምኩበት ብዙ የማያርቀኝ።"

መዋጮው የመዝጊያው ቀን ሳይደርስ ሞላ፤ ተርፎም ፈሰሰ። ቀረጻው የተደረገው በመንደሩ አሮጌ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው፤ የድምፅ ባለሙያው መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ሸፈነ፤ ሶርካ ማንም እንዳያንኳኳ በር ላይ ቆመች። ማላኪ ከዘራውን ይዞ መጥቶ ጥግ ተቀመጠ። የሚንቀጠቀጠውን እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከትቶታል።

አትራክታ የዳቦ ጋጋሪውንም የአህያዋንም በአንድ ትንፋሽ አወጣቻቸው። ዋልሱ ላይ ስትደርስ ባለሙያው እጁን አነሳ።

"ይቅርታ፣ አንድ ድምፅ እየገባ ነው። ጠብ ጠብ የሚል።"

ሁሉም ዞረው ማላኪን አዩት። እሱም የገዛ ጫማውን አየ። ሳያውቀው በእግሩ ምት እየመታ ኖሯል፤ ምቱም እንደ ድሮው ቀጥ ያለ ነበር።

"ወጥቼ ልጠብቅ" ብሎ ከዘራውን ፈለገ።

"ተቀመጥ" አለችው አትራክታ። ወደ ባለሙያው ዞራ፣ "የእኔን ማይክሮፎን ሳትነካ ለእሱ እግር አንድ ጨምር" አለች።

"ብቻዬን ነው የምጫወተው አላሉም እንዴ?"

"ብቻዬን ነኝ። እሱ እኮ እግር ብቻ ነው።"

ሶርካ የአልበሙን ሽፋን ስታዘጋጅ "የእሱን ምን ብዬ ልጻፍ?" ብላ ጠየቀች። አትራክታ ጥቂት አሰበችና "እግር፦ ማላኪ ጎርማን" አስጻፈቻት። ማላኪ ይህን ሰምቶ፣ እሁድ መጠጥ ቤት መጥቶ፣ ቢራውን በሁለት እጁ አጥብቆ ይዞ፣ ከጎኗ ተቀመጠ።

"ለእግሬ ስንት ትከፍይኛለሽ?" አላት።

"ሻይ" አለችና አኮርዲዮኗን ከፈተች።