ቀንዷ ሰማያዊ የተቀባች ፍየል

ቦግላርካ በራሷ የምትተማመን ሴት ናት። በሃንጋሪዋ ሴገድ ከተማ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ ትሠራለች፤ ጥርሱ አልገጥም ብሎ ከተመለሰባት "ጥርሱስ ልክ ነው፣ አፉ ነው የተጣመመው" ትላለች። ስለዚህ የጨዋታ ጓደኛዋ ቪልሞሽ ባለፈው እሑድ "እኔ ለሥራ ወደ ጄር ከተማ ልሄድ ነው፤ ወንበሬን የሚረከብ ካለ ይረከብ፣ ከሌለ ጨዋታው እዚህ ላይ ያብቃ" ሲል፣ ሌሎቹ ገና እርስ በርስ ሲተያዩ እሷ "እኔ አለሁ" ብላ ነበር።

ጨዋታው ጠረጴዛ፣ እርሳስ፣ ወረቀትና ዳይስ ብቻ ነው የሚፈልገው። አንዱ ተራኪ ይሆንና መንደሩን፣ ጫካውንና ጠላቱን ይፈጥራል፤ ሌሎቹ በታሪኩ ውስጥ የየራሳቸውን ሰው ሆነው "እንዲህ አደርጋለሁ" ይላሉ፤ ይሳካላቸው እንደሆነ ዳይሱ ይፈርዳል፤ ተወርውሮ የሚወጣው ቁጥር ከፍ ካለ ይሳካል፣ ዝቅ ካለ አይሳካም። የተራኪው ወንበር ለዓመታት የቪልሞሽ ነበር። የትራም ነጂው ዦምቦርና አስተማሪዋ ኤኒኮ በፍቺውም በሐዘኑም መሃል እሑድ ከሰዓት ሳይቀሩ የሚመጡት ለዚህ ጠረጴዛ ብለው ነው። ጠረጴዛው ከተበተነ መንገድ ላይ ሲተያዩ ሰላም ተባብሎ ማለፍ ነው የሚቀራቸው። ቦግላርካ ይህን ታውቃለች፤ ከእነዚህ ሰዎች ሌላ ወዳጅ ስለሌላት ነገሩ ያስፈራታል፤ ግን አፏን ሞልታ አትናገረውም።

"አንድ እሑድ እንሞክርሻለን" ብሏት ነበር ዦምቦር። "ካልሆነ በፍቅር እንለያያለን።"

እሑዱ ደረሰና በዦምቦር ማዕድ ቤት ተሰበሰቡ። ኤኒኮ ከምድጃ የወጣ ፖጋቻ የሚሉትን ትኩስ ትንንሽ ዳቦ በሳህን አምጥታለች፤ ቪልሞሽ የሱፍ ፍሬውን እየፈለፈለ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተጫዋቾቹ ጋር ተቀምጧል፤ በታሪኩ ውስጥ አንካሳ ፈረሰኛ ሆኗል። ቦግላርካ ሳምንቱን ሙሉ አንድ ግንብ ስትስል ከርማለች። ወጥመዱ፣ የምሥጢር ደረጃው፣ ከላይ ሆኖ የሚጠብቃቸው ክፉ መስፍን፣ ሁሉም ተዘጋጅቷል።

"መንደሩ በር ላይ ደረሳችሁ" አለች። "አጥሩ ሥር አንዲት ግራጫ ፍየል ታስራ ቆማለች፤ አንዱ ቀንዷ ሰማያዊ ተቀብቷል። ከመንደሩ ኋላ ግንቡ ይታያል።"

ፍየሏን የጨመረቻት ለማሳመሪያ ነው። ጥፋቷም እሱ ነው። ቪልሞሽ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ውስጥ በዋዛ የጠራው ነገር አልነበረም፤ ባልዲ ካነሳ ባልዲው ውስጥ መርዝ አለ ማለት ነው። ተጫዋቾቹን እንዲያ አድርጎ ነው ያሳደጋቸው።

"ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ" አለ ዦምቦር። "ለምን ሰማያዊ?"

"ፍየል ናት በቃ።"

"ፍየል መሆኗንማ ሰማሁ። ለምን ተቀባች ነው የምልሽ!"

"የተረገመ ልዑል ነው" አለች ኤኒኮ። "እኔ ገና ስትጠራት ነው የባነንኩት።"

ዦምቦር ባለ ሃያ ጎኑን ዳይስ ወረወረ፤ አሥራ ዘጠኝ ወጣለት። "በትሕትና እጠይቀዋለሁ። ልዑል ሆይ፣ ማን ነው የረገመዎት?"

"ሜ" አለች ቦግላርካ።

"አያችሁ? ፈርቷል! ሰው እንዳይሰማን ነው።"

"እኔ ቀለሙን እልሰዋለሁ" አለች ኤኒኮ።

"ኧረ በፈጠረሽ! ለምን?"

"አስማት ከሆነ ምላሴን ያቃጥለኛላ።"

ፖጋቻው አለቀ፤ እነሱ ግን ከፍየሏ ንቅንቅ አላሉም። ግንቡን ዞር ብሎ ያየው የለም። ቪልሞሽ ፍሬውን እየፈለፈለ ፈገግ ይላል፤ ያ ፈገግታ ቦግላርካን አንገበገባት። እሱ ቢሆን ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች፤ ፍየሏን በአንድ ቀስት ይገላግላትና ሰዎቹን በዘዴ ወደ ግንቡ ይነዳቸው ነበር። እሷም ልታደርገው አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ ዦምቦርን አየችው። ከወንበሩ ተነስቶ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል፤ ሚስቱ ጥላው ከሄደች ወዲህ ፊቱ እንዲህ በርቶ አታውቀውም። ግንቡ ገደል ይግባ አለች በልቧ። ሥዕሎቿን ሰብስባ ማቀዝቀዣው ላይ ወረወረቻቸው።

"አንዲት አሮጊት ዱላዋን ይዛ ከበሩ ወጣች" አለች። "'እናንተ ውርጋጦች፣ ፍየሌን ምን ታደርጓታላችሁ? ደግሞ ያቺ ማናት የምትልሳት?'"

ኤኒኮ በሳቅ ፈረሰች። ቪልሞሽ ግን ፍሬውን አስቀመጠ። "ፈረሰኛው ይጠይቃታል" አለ ቀስ ብሎ። "ቀንዷን ማን ነው የቀባው?"

መልስ እንደሌላት ያውቃል፤ እሷም እንደሚያውቅ ታውቃለች። ዓይኑን ሳትለቅ መለሰችለት።

"'ባሌ ነው። የወንዝ ጀልባ ነጂ ነበር። ጀልባውን ቀብቶ ሲጨርስ በተረፈው ቀለም ቀባት፤ ስመለስ ከሩቅ እንዳያት ብሎ።'"

"የት ሄደ?"

"'ለሥራ ብሎ በሰው ጀልባ ወንዙን ተሻግሮ ሄደ።'"

ዦምቦር ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

"ሲሄድ ምን አለ?" አለ ቪልሞሽ።

"'የሚረከበኝ ከሌለ ጀልባዬን ስበሩት አለ። ጉረኛ! እኛ አልሰበርነውም። እዚያ ዳር ላይ ነው።'"

ቪልሞሽ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው፤ ሳያስፈልገውም ደግሞ ወለወለው።

"ጀልባው ላይ እወጣለሁ" አለ በመጨረሻ። "ይንሳፈፋል?"

"እኔ እንጃ። ወርውር።"

እስከ ዛሬ መጨረሻውን ሳያውቅ ዳይስ ወርውሮ አያውቅም። ወረወረው። ዳይሱ ተንከባለለና ሳህኑን ነክቶ ቆመ። ሁለት።

"የጀልባው ወለል ከሥርህ ተሰነጠቀ" አለች ቦግላርካ ያለ አንዳች ርኅራኄ። "ውሃው ወገብህ ደርሷል። የብረት ልብስህ ደግሞ ከባድ ነው።"

"እኔ እጁን እይዛለሁ!" ዦምቦር ዳይሱን ነጠቀ።

"አንተ መዋኘት አትችልም፣ አንተ! የፍየሏን ገመድ ስጡኝ!" ኤኒኮ ከወንበሯ ተነሳች።

ቪልሞሽ መሃላቸው ተቀምጦ አንዴ እሷን አንዴ እሱን ያያል። "ስሚ፣ ቦጊ" አለ። "እውነቱን ልንገርሽ፣ ዛሬ የመጣሁት እንዲበላሽብሽ እየተመኘሁ ነው። እኔ ስሄድ አብሮኝ እንዲያበቃ ነበር የፈለግኩት። ወንበሩ..."

"ዝም በል" አለችው ቦግላርካ። "እየሰመጥክ ነው።"