ያልተመረመረው ባል

አራት ዓመት ሙሉ መርፌ የተወጋሁት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ አርግዤ ሁለቱንም ጊዜ አስወርዶኛል። አማቴ «ማህፀንሽ አይይዝም» ሲሉኝ አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ። ምን ልበል? የልጃቸው ምርመራ ንጹህ ነዋ!

ባሌ የመኪና ቀለም ቀቢ ነው። ጋራዡን ዘግቶ፣ ያለ ጭንብል፣ ቲነር እየማገ ይረጫል። ሲያርፍ ሲጋራ ይለኩሳል። ጭንብል ግዛ ስለው «ሳንባዬ ብረት ነው» ይለኛል። ብረትም እኮ ይዝጋል!

ባለፈው ሳምንት አዲሷ ሐኪም የዘር ናሙናውን እንደገና እዚያው ክሊኒክ ውስጥ እንዲሰጥ አዘዘችው። የዱሮውን ከቤት በብልቃጥ ነበር ያመጣው። «አሁንም ከቤት ላምጣው» ብሎ ተለማመጣት፤ እምቢ አለችው። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ ሁለቱን ወረቀት አስተያየችና ቀና ብላ እሱን አየችው።

«ይሄ የአንድ ሰው አይመስልም» አለች። «ሴሎቻችን ውስጥ ጉልበት የሚያመነጩ ትንንሽ ነገሮች አሉ፤ ሚቶኮንድሪያ ይባላሉ። ጭስና ቲነር ሲበዛባቸው ራሳቸው ጎጂ ነገር ይለቃሉ። እሱ የወንዱን ዘር አቅም ያሳጣዋል፣ ውስጡንም ይጎዳዋል። እንዲህ የተጎዳ ዘር ቢፀነስ እንኳ ጽንሱ ላይቆም ይችላል።»

«ያስወረደኝ በዚህ ነው?»

«በእርግጠኝነት አልልሽም፤ ሊሆን ግን ይችላል። ደግነቱ ዘሩ በሦስት ወር ገደማ ይታደሳል። ሲጋራውን ከተወ፣ ጭንብል ካደረገ፣ ተስፋ አለ።»

ከክሊኒኩ እንደወጣን እጅጌውን ጨምድጄ ያዝኩት።

«የፊተኛው የማን ነው?»

«የወንድሜ» አለ፣ ጫማውን እያየ።

የወንድሙ! ያ ሦስት ልጅ ደርድሮ ባየኝ ቁጥር «አይዞሽ፣ ፈጣሪ ያውቃል» የሚለኝ! ፈጣሪ ብቻ ነው እንዴ የሚያውቀው? ደሜ ፈላ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ስደበደብ የኖርኩት ዳውላዋ እኔ ነኝ።

እየጎተትኩ እናቱ ቤት ወሰድኩት። «ራስህ ንገራቸው» አልኩት። ተንተባተበ፤ ግን ነገራቸው። አማቴ ምስር እየለቀሙ ነበር። እጃቸው እንኳ አልቆመም።

«የወንድምህን ናሙና ውሰድ ያልኩህ እኔ አይደለሁ? አሁን ምን ያስለፈልፍሃል?» አሉት። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ ድምፃቸውን አለሳለሱ። «የወንድ ልጅ ስሙ ከጠፋ ምን ይቀረዋል፣ ልጄ? አንቺ ሴት ነሽ፣ ትችይዋለሽ።»

«ችዬዋለሁ!» ብዬ ጮኽኩ። «መርፌውን ችያለሁ፣ ደሙን ችያለሁ፣ ምላስዎንም ችያለሁ!»

ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ባሌ ከኋላዬ ተነሳ።

«ወዴት ነው?» አልኩት።

«ቤታችን።»

«ሦስቱን ወር እዚሁ ጨርስ። ሲጋራ እንዳትነካ እናትህ ይጠብቁህ። ከዚያ ሂድና በራስህ ናሙና ተመርመር። እኔ ልጅ እፈልጋለሁ። ካንተ መሆኑን ግን አስብበታለሁ።»