በሩ ሲከፈት ቀይ

«እትዬ ጸዳለ፣ ሐዲዱ ካልተነቀለ ድንኳኑ አይቆምም» አለ ኤርጫፎ፣ የእድሩ ዳኛ፣ የድንኳኑን ምሰሶ ትከሻው ላይ እንዳጋደመ። ከኋላው ሸራውን የተሸከሙት ሰዎች እግራቸውን የሚያሳርፉበት አጥተው ቆመዋል። ግቢው ከዳር እስከ ዳር የመጫወቻ የሚያህል ባቡር መንገድ ነው። ከፓፓያው ሥር ይነሳል፣ ሙዞቹን ይዞራል፣ ከኩሽና ወደ ትልቁ ቤት የሚወስደውን የእግር መንገድ አቋርጦ ማንጎው ሥር ይገባል።

«ንቀሉት» አለች ጸዳለ ከኩሽናው በር ላይ። የባሏ አስከሬን ገና ከሆስፒታል አልመጣም፤ የእሷም እንባ እንደዚያው።

«እባካችሁ!» አለች ሌላ ሴት። ሁሉም ዞሩ። አይዳ ናት፣ የቴክኒክ ኮሌጁ አስተማሪ። ከዘመድ ሁሉ ቀድማ ጥቁር ለብሳ ሐዲዱ አጠገብ ተንበርክካለች። «ሌላውን ንቀሉት ግድ የለም፤ በኩሽናው በር ፊት የሚያልፈውን ብቻ አትንኩ።»

በማን ግቢ፣ በማን ባል ሐዲድ! አለች ጸዳለ በልቧ። ኤርጫፎ አንዴ አንዷን፣ አንዴ ሌላዋን አየና ጉሮሮውን ጠረገ። ሴቶች ሲፋጠጡ መሃል መግባት የእድር ዳኛ ሥራ አይደለም።

«ለዛሬ ከግቢው ውጪ፣ መንገዱ ላይ እንተክላለን። ለሰልስቱ ግን ከጫኖም ከጨንቻም ሰው ይመጣል፤ ያኔ መነቀሉ አይቀርም» ብሎ ሰዎቹን ይዞ ወጣ።

ሟቹ ተክለሃይማኖት አዋሽ ነው የተወለደው። አባቱ ባቡር ሲመጣ ፋኖስ ይዘው ጣቢያ ላይ የሚቆሙ ሰው ነበሩ፤ ልጅየውም ያን ፋኖስ ዕድሜ ልኩን ከልቡ አላወጣውም። ፊዚክስ አስተማሪ ሆኖ አርባ ምንጭ ተመደበ፤ ከጎጃም የመጣችውን ጸዳለን እዚያው ትምህርት ቤት አገኛትና ሁለቱም በዚያው ቀሩ። ጡረታ ሲወጣ እኩዮቹ እድርና ማኅበር ሲያሳድዱ እሱ የአሮጌ ፕሪንተር ሞተር እየፈታ ባቡር ሠራ። ሰፈሩ «አርባ ምንጭ ባቡር ያስገባ ብቸኛ ሰው» እያለ ቀለደበት። ጸዳለም አብራ ትስቅ ነበር። እንግዳ ሲመጣ «ጣውንቴን እዩልኝ» ትላለች።

ጣውንት ደግሞ የጣውንት ሥራዋን ሠራች። አንድ ቀን ጸዳለ የሾርባ ድስት ይዛ ከኩሽና ስትወጣ ባቡሩ ከሙዞቹ ውስጥ ብቅ አለና እግሯ ሥር ገባ። ወደቀች፤ እጇ ተሰበረ። ተክለሃይማኖት ያን ሰሞን ምግብ እንኳ አልዋጥልህ ብሎት ከረመ። እሷ ግን ጀሶው ላይ ቀልዳ አለፈችው።

ቀልዱ የቀረው አይዳ ስትመጣ ነው። ባቡሮቹ ሁለት ሆነው ነበር፤ ሐዲዱ ግን አንድ፣ ሙዞቹ ጋ እየተላተሙ ያስቸግራሉ። አንዱ ሲያልፍ ሌላው ቀይ አይቶ የሚጠብቅበት መብራት ያስፈልጋል አለ ተክለሃይማኖት፤ ለዚህም አይዳን ጠራ። አይዳ ከኮሌጅ ስትወጣ ትመጣለች፣ ጫማዋን ታወልቃለች፣ ከእሱ ጋር አፈር ላይ ተቀምጣ ሽቦ ትቀጥላለች። ዝንጀሮ ከጫካ ወርዶ አንዱን መብራት ነቅሎ ሲሄድ አብረው ያባርሩታል፣ አብረው ይስቃሉ። ጸዳለ ሻይ ይዛ ትወጣና እንደ ማሽላ እያረረች ትስቃለች።

አንድ ቀን ነገሩን አየችው። የኩሽናውን በር ስትከፍት እግር መንገዱ ዳር የተተከለችው ትንሽ መብራት ቀይ ትሆናለች። ያኔ ሁለቱም ቀና ይላሉ። በሩን ስትዘጋ አረንጓዴ ትሆናለች፤ መልሰው ያቀረቅራሉ። ለማረጋገጥ ከፈተች፣ ዘጋች፣ ደግሞ ከፈተች። ለካ «ሚስቲቱ መጣች» የሚል ማስጠንቀቂያ አስገብተዋል! ያውም በገዛ በሯ ላይ!

ያኔውኑ መጠየቅ ነበረባት። ግን ብጠይቀው ይዋሸኛል ብላ ፈራች፤ ባይዋሸኝስ ብላ ደግሞ የባሰ ፈራች። ነገሩን ሆዷ ውስጥ ቀበረችው። የአይዳ ሻይ ላይ ስኳር መርሳት ጀመረች። «ጸዱዬ፣ ምን ሆነሻል?» ሲላት «ምንም» ትለዋለች። የሞተ ዕለት ጠዋት «ነይማ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ» ብሏት ነበር።

«ለዚያችው አሳያት» አለችው።

ከምሳ በኋላ ሐዲዱ አጠገብ ወድቆ አገኙት። ልቡ ነው አሉ ሐኪሞቹ።

ከቀብር መልስ ሴቶቹ ፍራሽ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ለቀስተኛ ሲገባ ሁሉም ያለቅሳል፣ ሲቀመጥ ንፍሮ ይዞርለታል። አይዳ ጥግ ይዛ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ጮክ ብላ ብታለቅስ ለይሉኝታ ነው ይባል ነበር።

«ይቺ ሴት ግን የዝምድናዋ ነገር እንዴት ነው?» አለች ልክነሽ፣ የቅርብ ጎረቤት፣ በጸዳለ ጆሮ። «ሐዘኑ ከአንቺ ብሶባታል።»

ወዲያው እንድሪያስ የሚባል የጫኖ ገበሬ አንድ ማዳበሪያ ማንጎ አሸክሞ ገባ። የተክለሃይማኖት የድሮ ተማሪ ነው። ባርኔጣውን አወለቀና ቀጥ ብሎ አይዳ ፊት ሄዶ ጎንበስ አለ።

«እግዚአብሔር ያጥናሽ። ባልሽ አባታችን ነበር።»

ሰውየው ምን ያድርግ? ማንጎ ይዞ በመጣ ቁጥር ሐዲዱ ዳር ያያቸው ሁለቱን ነው። አይዳ ፊቷ ተለዋወጠ፤ በእጇ ወደ ጸዳለ አመለከተች። እንድሪያስ እየተደነቃቀፈ መጥቶ ያንኑ ቃል ደገመ። ጸዳለ «እግዜር ይስጥህ ወንድሜ» አለችው፤ ሬሳው ፊት ያልወጣው እንባ አሁን በቅናት ወጣ። ሐዘንተኛ ነችና ማንም አልለየውም።

ተነስታ ወደ ኩሽና ሄደች። በሩን ስትከፍት ያቺ መብራት ቀይ ሆነች። ሰውዬው አፈር ገብቶም መብራቷ ሥራዋን አልተወችም!

አይዳ ውሃ ልትቀዳ ተከትላት ገባች። ጸዳለ ፊቷ ቆመች።

«ያቺ መብራት፣ እኔ ስመጣ እንድታውቁ ነው አይደል ያስገባችኋት?»

«አዎ» አለች አይዳ። ከዚያ የጸዳለን ፊት አየችና ማሰሮውን አስቀመጠች። «ምን መስሎዎት ነው? ኧረ እትዬ!»

«አትዋሺኝ።»

«አልዋሽም። እጅዎ የተሰበረ ጊዜ ነው የጠራኝ። ‹ባቡሮቹ ይጋጩ ግድ የለኝም፤ ጸዳለ በሩን ስትከፍት ግን ባቡሩ ይቁም› አለኝ። በሩ ላይ ማግኔት አለ፣ ይኸው፣ ከላይ ይዩት። ሲከፈት መብራቱ ቀይ ይሆናል፣ ባቡሩም እርስዎ እስኪያልፉ ይቆማል። መብራቱ ቶሎ ሠራ፤ ባቡሩ ነው አልቆምም ብሎ ያስቸገረን። ሲሳካ ሊያሳይዎት ነበር። እሱ በሞተበት ቀን ዋዜማ ተሳካ።»

ጸዳለ ምጣድ ማስቀመጫው ላይ ተቀመጠች። ነይማ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ። ቅናት ግን በአንድ ጀንበር አይሞትም።

«ትወጂው ነበር?»

አይዳ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። «አዎ። እሱ አላወቀም። መብራቷ ቀይ ስትሆን ‹መጣች› ይልና ቀና ይላል፣ ሽቦ በእጄ ይዤ እየጠበቅሁት። እኔ ነኝ የምቀናው እትዬ። እኔ በር ብከፍት የሚቆምልኝ ማነው?»

ጸዳለ ማሰሮውን ሞልታ ሰጠቻት። «ውሃውን ውሰጂ፤ ሰው ጠምቶታል» አለች።

በሰልስቱ ጠዋት ኤርጫፎ ዶማ አስይዞ መጣ።

«አይነቀልም» አለችው ጸዳለ። «ምሰሶውን ከሐዲዱ ወዲህና ወዲያ ትከሉት።»

«እትዬ፣ ባለፈው ንቀሉ ብለሽ አልነበር?»

«ብዬ ነበር። አሁን ደግሞ አትንቀሉ እያልኩህ ነው።»

የጫኖም የጨንቻም ሰው ሐዲዱን መሃል አድርጎ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ እግራቸውን እየሰበሰቡ «ነፍስ ይማር» አሉ፤ አንዱም አልረገጠውም። አመሻሹ ላይ ሰዉ ሲበተን ጸዳለ አይዳን በዓይኗ ፈለገቻት። ወንበር እየሰበሰበች ነበር።

«አስነሺው» አለቻት።

«በሐዘን ቤት? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ያለውን ብሏል። አስነሺው።»

አይዳ ከማንጎው ሥር ጎንበስ ብላ ባትሪውን አገናኘች። ባቡሩ ከፓፓያው ሥር ተነሳ፤ በድንኳኑ ሥር፣ በባዶ ወንበሮች መሃል እየተንቀጫቀጨ መጣ። ጸዳለ ኩሽና ገብታ በሩን ዘጋች። ትንሽ ቆየች። ከዚያ ከፈተችው።

መብራቷ ቀይ ሆነች። ባቡሩ እግር መንገዱ ጋ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ይለፉ እትዬ» አለች አይዳ።

ጸዳለ አንድ እግሯን አነሳች፤ መልሳ አሳረፈችው። ካለፈች በሩ ተመልሶ ይዘጋል፤ ከተዘጋ ደግሞ ባቡሩ ይሄዳል። ነጠላዋን ሰበሰበችና የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች፤ በሩን በጀርባዋ ገፍታ እንደተከፈተ ያዘችው።