ስሜን የጠራው ጋኔን

ከዚህ ታሪክ ላይ አንዲት ቃል ጨምሬ ከሆነ የሳሪሱ አቦ ምላሴን ይያዙት። እኔ ነፋስ የምሞላው ጎማ ላይ ነው እንጂ ወሬ ላይ አይደለም።

ቃሊቲ አስፋልት ዳር ጎሚስታ ነኝ። የተሳቢ ጎማ በአንድ እጄ አንጠልጥዬ በሌላው ምሳዬን እበላለሁ። ከሞያሌ እስከ ጅቡቲ የማያውቀኝ ሹፌር የለም። ስሜን ግን አንዳቸውም አያውቁትም፤ ሁሉም «ጎሚስታው!» ነው የሚለኝ። ሀብተሚካኤል ብላ የምትጠራኝ ባለቤቴ የሺሐረግ ነበረች። እሷን ከቀበርኩ ወዲህ ስሜ መታወቂያዬ ላይ ብቻ ቀረ።

ያኔ፣ ቀላል ባቡሩ ገና በሰው ሐሳብ ሳይመጣ፣ ሻፊና ሚስቱ ዙለይኻ አቃቂ በሰቃ ቪዲዮ ቤት ነበራቸው። አንዲት የቆርቆሮ ክፍል፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ አንድ ቴሌቪዥን። ሻፊ ከመጋረጃ ጀርባ ማይክ ይዞ የውጭውን ፊልም ባማርኛ ይተረጉማል። እኔ ካራቴውንም የህንዱንም አልፈልግም። የኔ ፊልም አንድ ነበር፤ የት አገር እንደተሠራ እንኳ የማይታወቅ፣ መጋዘን ውስጥ ስለሚኖር ጋኔን። ደም ይተፋል፤ ደሙ የቲማቲም ድልህ መሆኑን ሕፃን ያውቃል። ሰው ሊያንቅ እጁን ሲዘረጋ የእጅ ሰዓቱ ብቅ ይላል። አንዴማ በግድግዳ ውስጥ ሊያልፍ ሲል ግድግዳው ተገንድሶ ወደቀበት!

እንዲህ ያለውን ፊልም የሚንቅ ሰው ብቻውን ኖሮ አያውቅም። ትልልቁ ፊልም ላይ ሁሉም ቆንጆ፣ ሁሉም ሀብታም ነው፤ አንተን ከቁብም አይቆጥርህ። ይኼኛው ግን እንደኔ በጥገና የቆመ ነው። ስትደነግጥ ጎንህ ያለው የማታውቀው ሰው ክንድህን ጭምድድ ያደርጋል፤ ወዲያው አብራችሁ ትስቃላችሁ።

የዚያን ቀን ሦስት መቶ ሰው ነበር። ቦታ ያጣው ጣሪያ ላይ ወጥቶ በምስማር ቀዳዳ ያያል። ጋኔኑ ከመጋዘኑ ጨለማ ወጣ፤ ዞረና እኔን አየኝ።

«ሀብተሚካኤል!»

ማንነቱን የማታውቀው ድምፅ ሲጠራህ እስከ ሦስተኛው አቤት አይባልም፤ ሰይጣን ከሁለቴ በላይ አይጠራም ትል ነበር የሺሐረግ።

«ሀብተሚካኤል!»

ሦስት መቶው ሰው በሩን ገንጥሎ ወጣ። ብቻዬን ቀረሁ።

«ሀብተሚካኤል!»

«አቤት!» አልኩ ብድግ ብዬ። የደነገጠው ማን መሰላችሁ? ጋኔኑ! ተመልሶ መጋዘኑ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲያ በሄድኩ ቁጥር ጠራኝ፤ በሄድኩ ቁጥር አቤት አልኩ።

ሻፊ ሲሞት ዙለይኻ ቪዲዮ ቤቱን ሱቅ አደረገችው። ቴሌቪዥኑ ግን እስካሁን መደርደሪያው ላይ ነው። ታዲያ ስንት ጊዜ ስፈልገው የኖርኩትን ያንን ፊልም ሳሪስ ገበያ በሲዲ አላገኘው መሰላችሁ! ማጫወቻዬን ታቅፌ፣ ጎማ ሊያስጠግን የመጣውን ሹፌር ገብረጻድቅን አስከትዬ ሱቋ ገባሁ።

«ጎሚስታው፣ ጋኔን ስምህን ከየት ያውቃል?» አለ ገብረጻድቅ ለስላሳውን እየጠጣ። «እኔ ደንበኛህ እንኳ አላውቀው።»

«ዛሬ ታውቀዋለህ! ጆሮህን ጥረግ።»

«ባይጠራህስ?»

«ባይጠራኝ ጎማህን ባፌ እነፋዋለሁ።»

«ወሬህን ብቻ አስገባበት፤ ሞጆ ያደርሰኛል።»

ሳቅን። ማጫወቻውን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁት። ገብረጻድቅ ቢያምን ባያምን ምን ቸገረኝ፤ ያንን ድምፅ አንዴ እንኳ ደግሜ ልስማው ብዬ ነው።

«ዙለይኻ ትመስክር! እዚሁ ነበረች። ሦስት መቶ ሰው አልነበረም?»

ዙለይኻ ሳሙና መደርደሯን ተወች። ከባንኮኒው ዞራ መጣችና እጇን ማጫወቻው ላይ ጫነች።

«ሀብተሚካኤል» አለች ቀስ ብላ።

ሲዲውን ወደ ማጫወቻው አስጠጋሁ።

«ሀብተሚካኤል፣ አትክፈተው። አይጠራህም።»

«እንዴት ነው የማይጠራኝ?»

«የዚያን ቀን ዝናብ ነበር፤ ካንተ በቀር ሰው አልመጣም። ለአንድ ሰው ብለን ነው? እንዝጋ አልኩት ሻፊን። ‹ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ስሙን የጠራው የለም› አለኝና ማይኩን አነሣ። ጋኔኑ እኮ አፉን ይከፍታል እንጂ ምንም አይልም።»